በባለወፍጮው ቁመት የተለካው ቤተ ክርስቲያን

ሬንጋርዳ ከሰው ስትተዋወቅ ስም አትጠይቅም ነበር። ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጠጉሩ አንዴ ትገረምመውና «ሦስት ክንድ ከስንዝር» ትላለች፤ በቃ፣ ሰላምታዋ ያ ነው። አንድ ጊዜ የአገረ ገዢው መልእክተኛ በቅሎው ላይ ተኮፍሶ በሰፈራችን ሲያልፍ፣ ሰው ሁሉ አጎንብሶ እጅ ሲነሳ እሷ ቀና ብላ አየችውና፣ «ከፍ ያለው ኮርቻው ነው፤ እሱስ ከኛ ዴዳት አይበልጥም» አለች። ዴዳት የከተማችን የቫልሙራ ባለወፍጮ ነው። ቁመቱ ሦስት ክንድ በቅጡ አይሞላም፤ ይህን ፊት ለፊት የነገረው ሰው ግን ዱቄቱ ውስጥ አሸዋ ያገኛል።

የወንድሜ የአስቶርግ ሚስት ነበረች። አስቶርግ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ማርና ሰም ሊቆርጥ ትልቅ ዛፍ ላይ ወጣ፤ ንቦቹ ደግሞ ከሚገባው በላይ ፈጥኖ እንዲወርድ አደረጉት። እሱ ከሞተ በኋላ የገዳማችን አበምኔት ለሬንጋርዳ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ አንዲት ጥግ ሰጧት። «እጇ እስካልሳተ ድረስ ቦታው የሷ ነው» አሉ። እጇም ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልሳተም።

ሥራዋ ሰው መለካት ነበር። ሰው ሲታመም ቤተሰቡ ይጠራታል። በሽተኛውን ተንጋሎ እንደተኛ ከአናቱ እስከ ተረከዙ በክር ትለካዋለች፤ ክሩን ትቆርጥና ጠቅልላ ከጥጓ ግድግዳ ላይ ካሉት ኩላቦች ባንዱ ትሰቅለዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰም አቅልጣ ክሮቹን ጧፍ ታደርጋቸዋለች። ጧፉ በቅድስት ፎልካርዳ አጽም ፊት ይበራል፤ ቅድስቲቱም በቁመቱ ሰውየውን ታውቀዋለች። ስለዚህ ልኩ ልክ መሆን አለበት። ከሬንጋርዳ በፊት የነበረችው ሴትዮ አንዱን አናጢ አሳጥራ ለክታው፣ ሰውየው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ብቻ ዳነ፤ እስኪሞት ድረስ ያነክስ ነበር።

ሌላም ሕግ ነበር። በሽተኛ በአንድ አልጋ ላይ ሁለት ጊዜ አይለካም፤ ሁለተኛው ልኬት የቀባሪው ነው። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ በኛ አገር ግን የሚድህ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

እኔ ጊራል እባላለሁ፤ ኖራ አቃጣይ ነኝ። አምስት ሴት ልጆች አሉኝ፤ አምስቱም እናታቸውን በምላስ፣ እኔን በሆድ ይመስላሉ። ይህን የምናገረው የኖራው ሥራ ቢቀርብኝ ምን እንደሚውጠኝ እንድታውቁልኝ ነው።

አሁን ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ልናገር። የቅድስት ፎልካርዳ ቤት በአያቶቻችን ጊዜ ለሃያ መነኩሴና ለአንድ መንደር ሕዝብ የተሠራ ነበር። ከዚያ ስፔን ወዳለው የቅዱስ ያዕቆብ መቃብር የሚሄደው ተሳላሚ ሁሉ በደጃችን ማለፍ ጀመረ። በትሩን፣ የውሃ ቅሉን፣ የእግሩን ሽታ ይዞ ይመጣል። የቅድስቲቱ አጽም ያለበት ሣጥን ከመንበሩ ጀርባ ነው፤ ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ አንድ ብቻ፣ እሱም መነኮሳቱ በሚዘምሩበት መካከል። ገቢው ወጪውን ይገፋል፤ ወጪው ገቢውን ይረግማል። አንዷ ከሰሜን አገር የመጣች ተሳላሚ የራሰ ጫማዋን ከመዝሙር መጽሐፉ አትሮኖስ ላይ አሰጣችው። አንዱ ደግሞ አበምኔቱ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ሳለ ቀሚሳቸውን ጎተት አድርጎ፣ «አባቴ፣ መጸዳጃው በየት በኩል ነው?» አላቸው። የሰይጣን ፈተና መስሏቸው ሦስት ጊዜ አማተቡበት፤ እሱ ግን አልሄደም፤ ጨንቆት ነበር።

አበምኔቱ በዚያው ቀን ቆረጡ። «ከመንበሩ ጀርባ ዙሪያውን የሚዞር መተላለፊያ ይሠራ። በግራ ይግቡ፣ አጽሙን ይሳለሙ፣ በቀኝ ይውጡ። እኛም በሰላም እንዘምር።» ከሩቅ አገር የግንበኞች አለቃ አስመጡ፤ ጎዝቤር ይባላል። ግዙፍ፣ ፂሙ ሁልጊዜ የድንጋይ ብናኝ የለበሰ፣ ዝናብን እንደ ግል ጠላቱ የሚያይ ሰው ነው።

«ስፋቱ ስንት ይሁን?» አለ ጎዝቤር።

«ሦስት ሰው ጎን ለጎን ያሳልፍ» አሉ አበምኔቱ። «አንዱ የሚሄደው፣ አንዱ የሚንበረከከው፣ አንዱ ከተንበረከከው ጋር የሚጣላው።»

ጎዝቤር የራሱን ገመድ ሊያወጣ ሲል ሬንጋርዳ ከጥጓ ተነሳች። «ድንጋይ መለካት ያንተ ነው፤ ሰው መለካት የኔ ነው» አለችው። «ደግሞ ይህ ገመድህ በዝናብ ያጥራል፣ በፀሐይ ይረዝማል። የኔ ክር ሰም የነካው ነው፤ ቃሉን አያጥፍም።» ጎዝቤር ገመዱ ብዙ ጊዜ ጉድ ስለሠራው መልሶ ጠቀለለውና ድንጋይ ሊያይ ወደ ተራራው ሄደ። እሷ ከመንገደኛው መካከል ሦስት ተሳላሚዎች መርጣ፣ ከነስልቻቸውና ከነበትራቸው ጎን ለጎን አቁማ፣ ከትከሻ እስከ ትከሻ ለካቻቸው። አራት ክንድ ተኩል ሆነ። ጠቀለለችና ሰቀለችው። ሦስቱ ሰዎች በዚያው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ቀኑ ሰኞ ነበር፤ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዴዳት ክፉ ንዳድ ያዘው፤ ሚስቱ ጋሊያና እየሮጠች መጥታ ሬንጋርዳን ወሰደቻት። የዴዳትም ክር ተለክቶ ከሦስቱ ተሳላሚዎች ክር ጎን ተሰቀለ።

አሁን የሚመጣውን ቶሎ ልናገረውና ይውጣልኝ። ማክሰኞ ጧት ዝናብ ነበር። አንድ ከረጢት ኖራ ተሸክሜ ከሬንጋርዳ ጥግ ተጠለልኩ። እሷ አልነበረችም፤ አይቧ ግን ነበረ። አይቡን ለማንሳት ዞር ስል ከረጢቱ ኩላቦቹን ገጫቸውና ሁለት ጥቅል ክር ዱብ ዱብ አለ። አነሳኋቸው፤ አየኋቸው። ክር ናቸው። ክር ከክር ምን ይለያል ብዬ አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ ሰቀልኳቸው። አይቡንም በላሁና ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ጎዝቤር መጣ፤ ሬንጋርዳ የተሳላሚዎቹን ክር ከሰቀለችበት ኩላብ ላይ ጥቅሉን አንስታ ሰጠችው። በማግስቱ አርባ ሰው መሬቱን ይቆፍር ጀመር። በዚያው ሳምንት ጳጳሱ በከተማችን ሲያልፉ አበምኔቱ ተጣደፉና ሐሙስ ዕለት የመጀመሪያውን ድንጋይ አስባረኩ። ዓርብ ማታ የውስጡም የውጪውም ግንብ መሠረት አንድ ረድፍ ድንጋይ ለብሶ ነበር። ጎዝቤር መካከሉን አይቶ፣ «የናንተ ተሳላሚዎች ጾም ያበዛሉ ልበል?» አለና ሥራውን ቀጠለ።

ቅዳሜ ሬንጋርዳ ሰሟን አቀለጠች። ኖራ ሳራግፍ ጠራችኝ።

«ጊራል፣ ዴዳት ስንት ክንድ ነው?»

«ሲቆም ነው ሲፎክር?»

«አትቀልድ። ይህን ጫፍ ያዝልኝ።»

ያዝኩላት። እሷ ሌላውን ጫፍ ይዛ ወደኋላ ሄደች፣ ሄደች፣ ከጣሪያው ክፈፍ ውጭ ወጣች። ክሩ አላለቀም። ከዚያ ቆም ብላ በክንዷ ለካችው።

«ይህ ዴዳት አይደለም» አለች። «ይህ ዴዳት ሚስቱን ትከሻው ላይ አቁሞ ነው።»

«ክር ሲሰነብት ይሳባል መሰለኝ» አልኩ፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ትክ ብላ አየችኝ። «ይሳባል» አለች። «ይህ የሦስቱ ተሳላሚዎች ክር ነው። አለቃ ጎዝቤር መሬት ውስጥ የዘረጋው ባለወፍጮውን ነው።»

እዚህ ላይ «እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ አምስቱ ልጆቼ ከነጭልፋቸው ዓይኔ ላይ መጡ፤ አፌን ዘጋሁ።

ሬንጋርዳን የጨነቃት መጀመሪያ ግንቡ አልነበረም፤ ዴዳት ነበር። ንዳዱ አለቀቀውም። ባራት ክንድ ተኩል ጧፍ ቅድስቲቱን መለመን ደግሞ ሌላ ሰው እንድታድን መጠየቅ ነው፤ እንደዚህ ያለ ቁመት ያለው ሰው ስለሌለ ማንንም ሳታድን ትቀራለች። ስለዚህ አዲስ ክር ይዛ ወደ ወፍጮው ቤት ሄደች፤ እኔም እንደ ጥፋተኛ ውሻ ተከተልኳት። ጋሊያና በሩን ከፈተችና ክሩን አየች።

«ኡኡ! ባሌን! ባሌን!»

«ኧረ ጋሊያና፣ ዝም በይ፣ ሌላ ነገር ነው...» አለች ሬንጋርዳ።

«ሁለተኛ ልትለካው መጣች! ጎረቤቶቼ ሆይ፣ ሞተብኝ!»

ዴዳት ከውስጥ በደከመ ድምፅ «ማነው የሞተው?» አለ። ሬንጋርዳን ከነክሯ ደጃፉ ላይ ሲያያት ግን ድምፁ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ «ገና ነኝ!» ብሎ ጮኸ። «ሂጂ ከዚህ! ገና ነኝ አልኩሽ!»

«አያ ዴዳት፣ አንድ ጊዜ ብቻ እግርዎን ይዘርጉልኝ...»

«አልዘረጋም!» ጉልበቱን አገጩ ድረስ ሰብስቦ እንደ ጃርት ተጠቀለለ። እንደዚያ ሆኖ ቢለካ የአንዲት ድመት ጧፍ ይበቃው ነበር። ጋሊያና መጥረጊያውን ስታነሳ ወጣን።

መንገድ ላይ ሬንጋርዳ ድንገት ቆመች። «ክሩን ግንበኞቹ ለችካል ቆራርጠውታል፤ የዴዳት ልክ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው» አለች።

ሰኞ ቀትር ላይ ግንበኞቹ ምሳ ሲበሉ ሁለታችን ጉድጓዱ ውስጥ ገባን። እኔ ክሩን ከውስጠኛው ድንጋይ ላይ ያዝኩ፤ እሷ እስከ ውጪኛው ዘረጋችው። ጀርባዋን ቀና ሳታደርግ ከላይ ጥላ ወደቀብን። ጎዝቤር ነበር፤ አንድ እጁ ላይ ጥቁር ዳቦ፣ አንድ እጁ ላይ የአሳማ ስብ።

«ምን እየለካሽ ነው?»

ሬንጋርዳ ውሸት አትችልም። ሞክራ አታውቅም። «ባለወፍጮውን» አለችው።

ጎዝቤር ጉድጓዱን አየ፤ እሷን አየ፤ ተመልሶ ጉድጓዱን አየ። «የት አለ?»

«እያየኸው ነው።»

ነገሩን አስረዳችው። ዳቦው ከእጁ ወደቀ፤ ስቡን ግን አልጣለውም። ከዚያ የጮኸውን ጩኸት ሰምተው መነኮሳቱ ጸሎታቸውን አቋርጠው ወጡ፤ ጸሎታቸው ከተሳላሚ በቀር በሌላ ሰው የተቋረጠው ያን ቀን ብቻ ነው።

ማክሰኞ ጧት ጉባኤ ሆነ። አበምኔቱ ወንበራቸውን ከጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀመጡ። ከጎናቸው ዕቃ ቤት ጠባቂው አባ አምብላር ቆመዋል። አባ አምብላር የእህታቸውን ልጅ ከሬንጋርዳ ጥግ ሊያስቀምጡ አሥር ዓመት የጓጉ ሰው ናቸው፤ በዚያን ቀን ፊታቸው በበዓል እንደታጠበ ብርጭቆ ያበራ ነበር። የከተማው ሰው በሙሉ አለ፤ ተሳላሚዎችም አሉ። እኔ ከሁሉም ኋላ፣ ከኖራ ክምሬ ጀርባ ነበርኩ።

«ክሩን የሰጠሽው አንቺ ነሽ?» አሉ አበምኔቱ።

«እኔ ነኝ አባታችን። ኩላቡ የኔ ነው፤ ጥፋቱም የኔ ነው።»

«እጇ ሳተ!» አሉ አባ አምብላር። «ሁላችሁም ሰማችሁ! እጇ እስካልሳተ ነበር የተባለው!»

ጎዝቤር ግን አላመነም። ወይም የራሱን ስም ለማዳን ማስረጃ ፈለገ። «እኔ ሠላሳ ሁለት ቤተ ክርስቲያን ሠርቻለሁ» አለ። «አንድ ሙሉ ሰው ይህን ያህል ብቻ ሊሆን አይችልም። ሰውየው ይምጣና ልየው።»

ዴዳትን ከአልጋው አንስተው ከማጠፊያው በነቀሉት የገዛ ቤቱ በር ላይ አስተኝተው አራት ሰዎች ተሸክመው አመጡት። ንዳዱ ስላደከመው ዓይኑን አልከፈተም። ጋሊያና እያለቀሰች ተከትላለች። ቀስ አድርገው ወደ ጉድጓዱ አወረዱትና ከግንብ እስከ ግንብ አጋደሙት። ራሱ የውስጠኛውን ድንጋይ ነካ። ተረከዙ የውጪኛውን ነካ። ልክክ አለ፤ በመካከል ክር እንኳ አይገባም።

ሬንጋርዳ ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች።

ጎዝቤር ተንበርክኮ ከላይ እስከ ታች አየው። «እግዚኦ» አለ። «በዕድሜዬ እንደዚህ አጭር ሰው አላየሁም።»

የዴዳት አንዱ ዓይን ተከፈተ።

«ማነው አጭር?»

«አይ፣ እኔ እኮ...»

«ማነው አጭር አንተ የድንጋይ ብናኝ!» ዴዳት ተነስቶ ተቀመጠ። ከዚያ ግንቡን ይዞ በሁለት እግሩ ቆመ፤ የአንገቱ ሥር ተገታትሯል፤ ላቡ ከግንባሩ እንደ ውሃ ይወርዳል። «ና ውረድ! ውረድና ጎኔ ቁም! የወፍጮዬን ድንጋይ ብቻዬን ነው የማነሳው!»

መጀመሪያ የጮኸችው አንዲት ሽማግሌ ተሳላሚ ነበረች። «ተነሣ! ከመቃብር ተነሣ!» ከዚያ ሁሉም ጮኸ። ደወሉ ተደወለ። ንዳዱ በላብ ወጥቶለት ነበር፤ ጋሊያና ግንባሩን ዳስሳ «ቀዝቅዟል! ቀዝቅዟል!» ስትል ጭራሹን የሞተ መስሎት አንዱ ዲያቆን አለቀሰ። እኔ ባለወፍጮው የተነሣው በንዴት ነው ባይ ነኝ። ግን ማን ጠየቀኝ? ወዲያው ተሳላሚዎቹ ወደ ጉድጓዱ ዘለሉና ዴዳት የተኛበት ላይ ተራ በተራ መተኛት ጀመሩ። ረጃጅሞቹ ጉልበታቸውን ማጠፍ ነበረባቸው፤ እሱንም ለትሕትና ቆጠሩት።

አበምኔቱ ይህን ሁሉ አይተው፣ «ይህ ግንብ ከቦታው አይነቃነቅም» አሉ። «ጳጳስ የባረከው ነው፤ አሁን ደግሞ ተአምር ሆነበት።»

«ሦስት ሰው አያሳልፍማ!» አለ ጎዝቤር። «ሁለት እንኳ በስንት መከራ ነው። አንዱ ከተንበረከከ ከኋላው ያለው ሁሉ እስከ ስፔን ድረስ ቆሞ ይቀራል!»

«ታዲያ የግንበኞች አለቃው አንተ አይደለህ?»

ጎዝቤር በትር አንስቶ አፈሩን በንዴት መጫር ጀመረ። መተላለፊያውን ሣለ። ከዚያ ከውጪው ግንብ ላይ አንድ ግማሽ ክብ ወደ ውጭ አስወጣ፤ ሌላ ደገመ፤ ሦስተኛ ጨመረ። ሦስት ትንንሽ ጸሎት ቤቶች፣ እንደ ሙልሙል ዳቦ ጎን ላይ የተለጠፉ። «መንበርከክ የፈለገ እዚህ ውስጥ ይግባና ይንበርከክ» አለ። «መጣላት የፈለገም እዚሁ። መንገዱ ለእግረኛ ይለቀቅ። እያንዳንዷ የራሷ ትንሽ መንበር ትኑራት።» በሌላ አገር እንዲህ ያለ ነገር አይቶ እንደነበር በኋላ ነግሮኛል፤ እኛ ጋ ግን ያወጣው ከንድፍ ሳይሆን ከብስጭት ነው።

አበምኔቱ ደስ አላቸው። ሁሉም ደስ አለው። ነገሩ አልቆ ሰው ሊበተን ሲል አባ አምብላር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የዚች ሴት ነገርስ? ዛሬ ተአምር ሆነ፤ ነገ ሌላውን አሳጥራ ብትለካውስ? እጇ ስቷል፤ በአፏ መስክራለች።»

አበምኔቱ ወደ ሬንጋርዳ ዘንበል አሉ። ሊያድኗት እንደፈለጉ ያስታውቃል። «ልጄ» አሉ፣ «ምናልባት ክሩን ስታነሺ ቅድስት ፎልካርዳ እጅሽን መርታው ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ስህተት አይባልም። መርታኝ ነው በይ፤ ጥግሽ ላይ ትቀመጫለሽ።»

አንድ ቃል ብቻ ነበር። እኔ ብሆን አሥር ጊዜ እልላቸው ነበር፤ መልአክም እጨምርበት ነበር።

«አይ አባታችን» አለች ሬንጋርዳ። «ቅድስቲቱ ኩላቤን ነክታ አታውቅም። በስሟ ሠላሳ ዓመት በልቻለሁ፤ አልዋሽባትም።»

አባ አምብላር ፈገግ አሉ። አበምኔቱ ተነፈሱ። ሬንጋርዳ ወደ ጥጓ ሄዳ ክሮቿን ከኩላቦቹ ላይ አንድ በአንድ ታወርድ ጀመር። አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም። የማንን ክር ከማን ጋር እንዳታደባልቅ ለተተኪዋ ትነግራለች፤ «ይህ የአንጥረኛው ነው፣ ይህ የመንታዎቹ ነው፣ ተጠንቀቂ፣ ይመሳሰላሉ» ትላለች። የአባ አምብላር የእህት ልጅ አፏን ከፍታ ታያታለች።

ያ ነው አንጀቴን የበላው። ከኖራው ክምር ጀርባ ወጣሁ፤ ለመውጣት ስቸኩል ክምሩ ተናደና እስከ ቅንድቤ ነጭ ሆንኩ። ሰው ዞር ብሎ ሲያየኝ ሌላ ሙት የተነሣ መስሎት ደነገጠ።

«እኔ ነኝ!» አልኩ። «ከረጢቴ ነው የገጫቸው። ክሮቹ ወደቁ፤ እኔ ነኝ አዛንቄ የሰቀልኳቸው። አይቡንም የበላሁት እኔ ነኝ።»

ስለ አይቡ ማንም አልጠየቀኝም ነበር፤ አንዴ ከተከፈተ ግን አፌን መዝጋት አቃተኝ። የሳምንቱን ዝምታዬን ሁሉ ተናገርኩ፤ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ፈሪነቴ፣ «ክር ይሳባል» ስላልኩት ውሸት። አፈርኩ፤ እስከ ዛሬ ድረስ ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን የለም።

አበምኔቱ ከወንበራቸው ተነሡ። «እንግዲያው የሷ እጅ አልሳተም» አሉ። «አባ አምብላር፣ የእህትዎን ልጅ ወደ ቤቷ ይውሰዷት። አንተ ደግሞ፣ ጊራል፣ የሦስቱን ጸሎት ቤቶች ኖራ በበቅሎ አታመጣውም። በጀርባህ ታመጣዋለህ።»

ሽማግሌዋ ተሳላሚ ግን ሌላ ነገር ገብቷት ነበር። «ክሩን ያዛነቀው፣ ቅድስቲቱ የመራችው ቡሩክ እጅ ይህ ነው!» ብላ እጄን ይዛ ሳመችው። ኖራው ከንፈሯን አቃጠላት፤ እሱንም ከተአምሩ ቆጠረችው።

ግንቡን አራት ዓመት ሠራነው። ኖራውን በጀርባዬ ተሸከምኩ፤ ጀርባዬ ዛሬም የአየሩን ጠባይ ይነግረኛል። ጎዝቤር ከአንዱ ዓምድ ራስ ላይ በሁለት ግንብ መካከል የተኛ ሰው ቀረጸ። ተሳላሚዎች አልዓዛር ነው ብለው ይሳለሙታል። ዴዳት እዚያው ቆሞ «እኔ ነኝ! ግን አሳጥሮኛል!» እያለ ለእያንዳንዱ ያስረዳል፤ መተላለፊያው ከተዘጋም የሚዘጋው በሱ ነው።

ሬንጋርዳ ሥራዋን ቀጠለች። እኔን ግን አታነጋግረኝም ነበር። በመንገድ ስንገናኝ ሰላምታዋን ትሰጠኛለች፤ «ሦስት ክንድ ተኩል» ብላ ታልፋለች። መተላለፊያው በተከፈተበት ዕለት ግን መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። በግራ ገብተን ዞርን፤ ሁለት ሰው ልክ ያሳልፋል። ከመካከለኛዋ ጸሎት ቤት ስንደርስ ገባ ብለን ተቀመጥን።

«ዋርሳዬ» አለችኝ፣ «የዚያን ቅዳሜ ጥቅሉን ከኩላቡ ሳነሳው የአምስት ነጭ ጣቶች አሻራ ነበረበት። በዚህ ከተማ ጣታቸው ነጭ የሆነ ሁለት ሰዎች ናችሁ፤ አንተና ባለወፍጮው። እሱ አልጋ ላይ ነበር።»

«ከመጀመሪያው ታውቂ ነበር?»

«ጫፉን ከመያዝህ በፊት።»

«ታዲያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለምን ጥፋቱ የኔ ነው አልሽ?»

«ልጆችህን አሰብኩ። ደግሞም አንተው እንድትናገር ፈለግሁ። ቀን እየቆጠርኩ ጠበቅሁህ። ክሮቹን ሳወርድ እንኳ ቀስ ብዬ ነበር የማወርደው፤ አላየህም?»

አላየሁም ነበር። በአጠገባችን ተሳላሚዎች በዝምታ ያልፋሉ፤ ከመንበሩ በኩል የመነኮሳቱ ዝማሬ ሳይቋረጥ ይሰማል። «ባልናገርስ ኖሮ?» አልኳት።

«ባትናገር የበሩን ቦታ አጣ ነበር» አለች። ከዚያ ተነስታ የቀሚሷን ብናኝ አራገፈች። «የባሌንም ወንድም።»